ጥፋቱ የከፈተችው ነው ወይስ የቆለፈው?

ፈረንሳዊው ሻርል ፔሮ እ.ኤ.አ. በ1697 ካሳተማቸው ተረቶች አንዱ ጢመ ሰማያዊ ስለሆነ ባለጸጋ ይተርካል። ሰውየው ብዙ ጊዜ አግብቷል፤ ሚስቶቹ የት እንደደረሱ ግን የሚያውቅ የለም። አዲሲቱን ሙሽራ አግብቶ ብዙም ሳይቆይ ለመንገድ ይነሣል። የቤቱን ቁልፎች በሙሉ ያስረክባትና አንዲትን ትንሽ ክፍል ብቻ እንዳትከፍት ያስጠነቅቃታል። ትከፍታለች። ወለሉ ደም በደም ነው፤ የቀድሞ ሚስቶቹ ሬሳ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከድንጋጤዋ የተነሣ ቁልፉ ከእጇ ወድቆ በደም ይበከላል፤ ብታጥበው፣ ብትፈገፍገው አይለቅም።

እኔን ከግድያው እኩል የሚያስቆጣኝ ፔሮ ከታሪኩ በታች ያሰፈረው የመጀመሪያው ምክር ነው። የሚወቀሰው ገዳዩ ሳይሆን የሴቲቱ ጉጉት ነው!

ጎቲክ የሚባለው፣ በፍርሃትና በምስጢር የተሞላው የልብወለድ ዓይነት ከዚህ ተረት ብዙ ወስዷል ብዬ አምናለሁ። እርግጥ ምንጩ ብዙ ነው። ሆኖም ትልቁ ቤት፣ ምስጢረኛው ባል፣ የተከለከለው ክፍል፣ ብቻዋን የቀረችው ሴት፣ ሁሉም እዚህ ተረት ውስጥ አሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ግን ሴት ደራሲያን ቤቱን እንዳለ ወስደው ፍርዱን መገልበጣቸው ነው።

ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ባሳተመችው «ጄን ኤር» ውስጥ፣ ጄን ተቀጥራ የምትኖርበትን ትልቅ ቤት፣ የቶርንፊልድን፣ የላይኛውን ፎቅ ኮሪደር ስታይ የምታስታውሰው ይህንኑ ጢመ ሰማያዊ ነው። ወዲያውም ከዚያው ፎቅ እንግዳ ሳቅ ትሰማለች። ተቆልፎባት የምትኖረው በርታ፣ ጄንን ሊያገባ የተዘጋጀው የቤቱ ጌታ የሮቸስተር ሕጋዊ ሚስት መሆኗ የሚታወቀው በጄን የሠርግ ቀን ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ማወቅ ጄንን አያስቀጣትም፤ ከሐሰተኛ ጋብቻ ያድናታል እንጂ። በርታ ግን ድምፅ አላገኘችም። በካሪቢያን ደሴቶች የተወለደችው ጂን ሪስ በ1966 አንድ ሙሉ ልብወለድ ጽፋ የበርታን ታሪክ እስክትነግረን ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ጠብቀናል።

የዳፍኒ ዱ ሞሪዬ «ሬቤካ» (1938) ደግሞ ይበልጥ ይረብሸኛል። ስሟ የማይነገረው ሁለተኛ ሚስት፣ ባሏ የመጀመሪያዋን እንደገደለ ካወቀች በኋላም ከጎኑ ትቆማለች። ምስጢሩን ማወቋ ነፃ አላወጣትም፤ ተባባሪ አደረጋት። በመጨረሻም አንጄላ ካርተር መጣች። የፔሮን ተረቶች ራሷ ወደ እንግሊዝኛ ከተረጎመች በኋላ፣ በ1979 ባወጣችው መጽሐፍ ይህንን የጢመ ሰማያዊ ተረት እንደገና ጻፈችው። ፔሮ ጋ ባሏ ክፍሉን መክፈቷን አውቆ ሊገድላት ሲል ሙሽራይቱን ወንድሞቿ ደርሰው ያድኗታል፤ ካርተር ጋ ግን እናቷ በፈረስ ጋልባ መጥታ ባልየውን በሽጉጥ ትገድለዋለች።

ወደ ተረቱ ልመለስ፤ አስፈሪ ተረት ለልጆች አይነገር የሚሉ ወላጆች ስጋታቸው ይገባኛል። ቢሆንም ደሙን ከተረቱ አጥበን ብናወጣው ለልጁ የሚቀርለት «አትጠይቅ፣ አትክፈት» የሚለው ትእዛዝ ብቻ ነው። እኔ የማስበው ተቃራኒውን ነው፤ ዕድሜያቸው ሲፈቅድ ተረቱን ከነጨለማው ንገሯቸው፤ ከዚያም ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አብራችሁ ተከራከሩ። ሙሽራይቱ ማንንም አልገደለችም፤ በገዛ ቤቷ ያለውን አየች። ሳትከፍተው ብትቀር ኖሮ ከማን ጋር እንደምትኖር ሳታውቅ ነበር የምትኖረው።