ከእማዬ ሂሳብ ውስጥ የጠፋችው

ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፤ ቡና ይዛችሁ አንብቧት። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «እናትህ እንዴት ናቸው?» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ ብዬ ነው።

እንደምታውቁት የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ስንደርስ በየዓመቱ የማስረዳት ነገር አለ፦ መንግሥት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናት ይረዳል። ካቻምና አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ አቅም ባይፈቅድስ? ማን ይረዳቸዋል?» አለችኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ቤተሰብ አለ አይደል እንዴ!» ብዬ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፍኩ።

አሁን ያ መልስ ያሳፍረኛል። ውሸት ሆኖ አይደለም። «ቤተሰብ» ስል ማንን ማለቴ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። አምና ጥቅምት ላይ ግፊቷ ከፍ ብሎ ስትሮክ መታት። ደብረ ብርሃን ወስደን አስተኛናት፤ ሕይወቷ ተረፈ፣ ቀኝ ጎኗ ግን አልታዘዝ አለ። ይዘናት ወደ ደብረ ሲና ተመለስን። ከተማችንን የማታውቋት ካላችሁ፣ ወደ ደሴ ስትሄዱ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ወርዳችሁ ቆሎ የምትገዙባት ናት። ቆሎው ሞልቷል። በክፍያ አረጋዊ የሚያኖር ቤት ግን ፈልገን አላገኘንም። ሰው «መቄዶንያስ?» ይለናል። ፈጣሪ ዋጋቸውን ይክፈላቸውና፣ እነሱ የሚያነሱት ጧሪ ቀባሪ አጥቶ የወደቀውን ነው። እናቴ ሦስት ልጆች አሏት።

ያለንን ልቁጠርላችሁ፤ ምናልባት የሚጠቅመው ይኖራል። አባታችን የመንገድ ሥራ ጡረተኛ ነበር። እሱ ሲሞት ለእማዬ የተላለፈላት የጡረታው ግማሽ ነው፤ ሕጉ ለሚስት የሚሰጠው 50 በመቶ ነውና። ያቺ 1,900 ብር ናት። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ነን፤ በዓመት አንዴ እንከፍላለን፣ ለክትትል ስትሄድ ካርድና ምርመራ አንከፍልም። ያልገባችሁ ካላችሁ ሳትታመሙ ግቡ። ግን መድኑ ዳይፐር አይገዛም፣ የጠፋ መድኃኒትም ከግል ፋርማሲ አያመጣም። የከተማ ሴፍቲኔት የሚባለው መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ቀጥታ ድጋፍ አለው፤ በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ነበር፣ የእኛዋ ከነሱ አልነበረችም።

የቀረውን እኛ ልጆቿ ተካፈልነው። ታላቅ ወንድማችን ሪያድ ሹፌር ነው፣ በወር በአማካይ 4,000 ብር ይልካል። እኔ ከደመወዜ 2,300 አወጣለሁ። እታለም ደግሞ፣ ታላቅ እህቴ ማለት ነው፣ አዲስ አበባ አንድ ዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ነበረች፤ እማዬ በታመመች በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ መጣች።

ያለፈው ጥር መጨረሻ ላይ ለወንድማችን ልልክለት ብዬ ወጪውን በደብተር ጻፍኩት። ዳይፐር ለሌሊት ብቻ፣ 30 ፍሬ፣ 2,400። ከፋርማሲ የተገዛ መድኃኒት 950። ሳሙና፣ በረኪናና ጓንት 700። ከሰል 1,200፤ አገራችን ብርድ ነው፣ ገላዋ በቀዝቃዛ ውኃ አይታጠብም። ወተት፣ እንቁላልና ፍራፍሬ 2,300። ቫዝሊንና የቁስል ቅባት 250። ለባጃጅ 400። ድምሩ 8,200 ብር። የጡረታው፣ የወንድሜና የእኔ ሲደመር እሱም 8,200።

ምን ልበላችሁ፣ ደስ አለኝ። ልክ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ ለእታለም ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የእማዬን የቀን ጨርቅ እያጠበች ነበር። አዳመጠችኝና ቀና ሳትል፦

«ጥሩ ነው። እኔ የት ነኝ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። «ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት።

«ደብተሩ ላይ ከሰሉ አለ፣ በረኪናው አለ። እኔ የለሁም» አለችኝና ጨርቁን ጨምቃ ልታሰጣ ወጣች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከጎን ክፍል ሰማኋት፤ እማዬ ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ትገለበጣለች። አራት ጊዜ ተነሳች። አሥራ ስድስት ወር ሙሉ እዚያው ቤት ተኝቼ ይህን ሳልቆጥር ኖሬያለሁ ማለት ነው።

በማግስቱ አብረን ተቀምጠን አሰብነው። ደመወዟ 4,500 ብር ነበር። በ16 ወር 72,000 ብር። ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ዳቦ ቤቱ ጡረታዋን በአግባቡ ያስገባላት ነበር፤ ከሷ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ 11 በመቶ። የወር ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እሷ ያላት ስምንት ነው። 43 ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላትም። የእማዬን እርጅና ስትሸከም የራሷን እርጅና ባዶ እያደረገችው ነበር፤ እኔና ወንድሜ ደግሞ ብር ስላወጣን የጦርናት እኛ መስሎናል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና ዲግሪዬን ለመማር የክረምት ፕሮግራም ልመዘገብ ነበር፣ በእማዬ ምክንያት ተውኩት። ሰፈሩ ሁሉ «የእናቱ ልጅ፣ ተባረክ» አለኝ። እታለም የስምንት ዓመት ሥራዋን ጥላ ስትመጣ «ተባረኪ» ያላት ሰው አላስታውስም። ሴት ልጅ ናትና ግዴታዋ ተደርጎ ታየ። እኔም አላልኳትም።

አሁን ምን አደረግን? ወንድማችን ጋር ደውለን ደብተሩን እንደገና አነበብንለት፣ በዚህኛው እታለም አለችበት። ትንሽ ዝም አለና «እኔም እኮ እዚህ ተቸግሬ ነው የምልከው» አለ። እውነቱን ነው። ግን 1,000 ብር ጨመረ፣ እኔ 1,500 ጨመርኩ፤ በዚያች ግማሽ ቀን የምትሠራ ሴት ቀጠርን። እታለም ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ነፃ ናት። እዚሁ ከተማ ሥራ እየጠየቀች ነው፤ ጡረታ የሚያስገባ ቀጣሪ እስካሁን አልተገኘም። የምታውቁ ጠቁሙን፤ ሂሳብ ላይ እጇ ንጹሕ ነው።

አርብና ቅዳሜ ሌሊት ተረኛው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ቀን ላጥባት ስል እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። «ወንድ ልጅ እኮ ነህ» አለችኝ በዚያ በተሳሰረ አንደበቷ። «እኔንስ ማን አጠበኝ?» አልኳት። ዝም አለች። አሁንም ታፍራለች፣ እኔም አፍራለሁ፤ ቢሆንም እንተጣጠባለን።

እድራችን ላይም ጉዳዩን አነሳሁ። እማዬ ብትሞት ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና ገንዘብ ይመጣል። «ከዚያው ላይ በቁሟ ትንሽ ቢሰጣትስ? እሷን የመሰሉ ሌሎችም አሉ» አልኩ። ሰብሳቢው «ልጄ፣ ደንቡ ለሞት ነው» አሉኝ፣ እሳቸውም አልተሳሳቱም። ደንቡ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ይታይ ተብሎ ቀጠሮ ተይዟል። ስብሰባው ሲበተን ግን ሁለት እናቶች እታለምን ጠርተው «ሐሙስ ከሰዓት እኛ እንቀመጥላታለን፣ አንቺ ውጪ» አሏት። ባለፈው ሐሙስ የት እንደሄደች ጠየቅኳት። «የትም። ተኛሁ» አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ በየቤታችሁ የሚጦር አባት ወይም እናት ካለ ደብተር አውጡና ወጪውን ጻፉ። ስትጨርሱ ደግሞ ስሙ ያልተጻፈ ሰው እንዳለ እዩ። ከሩቅ ብር የምትልኩም ስትደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ካላችሁ በኋላ «አንቺስ ተኛሽ ወይ?» በሉ።

ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ አሁን አሥራ አንደኛ ናት። ይህን ካነበብሽው፣ መልሴን አስተካክያለሁ። «ቤተሰብ» ያልኩሽ በእኛ ቤት አንድ ሰው ነበረች፤ አሁን ሦስት ለመሆን እየሞከርን ነው።

ፈጣሪ ለወላጆቻችን ጤና፣ ለሚያስታምሟቸው ደግሞ ጉልበትና ዕረፍት ይስጥልን።