የዘገየ እርማት

«ኩል ኤንድ ዘ ጋንግ የሰርግ ባንድ ነው። ከጭፈራ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከጃዝ ጋርም አይተዋወቅም።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ከጓደኛ ጋር በጨዋታ መሃል ብለው ኖሮ እዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር። እኔ ግን የሙዚቃ ዝግጅት በማቀርብበት ሬዲዮ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ አድማጭ መስመር ላይ እያሉ ነው የተናገርኩት። ሰውየው የደወሉት ከጉለሌ ነበር። ስማቸውንም ነግረውኛል፤ አልያዝኩትም።

«የለም ልጄ፣ ተሳስተሃል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጆቹ ሲነሱ ጃዝ ተጫዋቾች እንደነበሩ፣ አባታቸውም የፒያኒስቱ የቴሎኒየስ ሞንክ ወዳጅ እንደነበር ነገሩኝ። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው ሳክስፎን ይጫወቱ ነበር፤ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ይሠራ ከነበረ አሜሪካዊ የባንዱን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሸክላ አግኝተው በእሱ ነበር የሚለማመዱት። «ሸክላው አለኝ፤ ከፈለግህ ላምጣልህ» አሉ። እኔም «ጋሼ፣ ከሌላ ባንድ ጋር አምታተውት ይሆናል፤ ስለደወሉ እናመሰግናለን» ብዬ ለቴክኒሻኑ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ገና እያወሩ ሳለ «ሴሌብሬሽን» ከላያቸው ላይ ወጣና ድምፃቸውን ዋጠው።

ያን ሁሉ ድፍረት የሰጠኝ ትንሽ ማወቄ ነው። ባንዱን የማውቀው ከ1979 እስከ 1985 ባወጣቸው ዘፈኖች ነበር (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። «ሌዲስ ናይት»፣ «ሴሌብሬሽን»፣ «ጌት ዳውን ኦን ኢት»፣ «ጆአና»፣ «ቼሪሽ»፤ እነዚህን ከካሴት ወደ ካሴት እየገለበጥን ነው ያደግነው። ድምፃዊው ጄምስ ቴይለር የባንዱ መሥራች ይመስለኝ ነበር። ቴይለር ግን የገባው በ1979 ነው፤ ባንዱ 15 ዓመት ከኖረ በኋላ ማለት ነው። ብራዚላዊው ኤውሚር ዲዮዳቶም ፕሮዲውሰር ሆኖ የመጣው በዚያው ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ያለው 15 ዓመት ለእኔ ጭራሽ አልነበረም። ያላወቅሁትን ዘመን የለም አልኩ፤ የነበሩበትን ሰውም ተሳስተዋል ብዬ ሸኘኋቸው።

ነገሩ የተጀመረው በ1964 በኒው ጀርሲ ግዛት በጀርሲ ሲቲ ነው። ሮበርት ቤልና ታናሽ ወንድሙ ሮናልድ በልጅነታቸው ከበሮ የሚገዙበት ገንዘብ ስላልነበራቸው የቀለም ጣሳ ሰብስበው ይመቱ ነበር። ጣሳው ውስጥ የቀረው ቀለም ሲበዛና ሲያንስ ድምፁ ይለያያል፤ እነሱም ያንን ልዩነት በጆሯቸው እየመረጡ ይደረድሩታል። አባታቸው ቦክሰኛ ነበር። ቴሎኒየስ ሞንክ የቤተሰቡ ወዳጅ ብቻ ሳይሆን የሮበርት የክርስትና አባት ነው። ወንድማማቾቹ ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ጋር ያቋቋሙት ባንድ የመጀመሪያ ስሙ «ጃዚያክስ» ነበር። ሮበርት ቤዝ ጊታር፣ ሮናልድ ቴነር ሳክስፎን፣ ዴኒስ ቶማስ አልቶ ሳክስፎን፣ ሮበርት ሚከንስ ትራምፔት፣ ቻርልስ ስሚዝ ጊታር፣ ጆርጅ ብራውን ድራም፣ ሪኪ ዌስት ኪቦርድ ያዙ። ድምፃዊ የሚባል ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያዜመው የትንፋሽ መሣሪያው ነው።

በ1971 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፒጄስ በሚባል ክለብ መድረክ ላይ የተቀዳ አልበም አላቸው። እዚያ ውስጥ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን የቻርልስ ሎይድን ድርሰት ይጫወታሉ። በቀጣዩ ዓመት ባወጡት «ጉድ ታይምስ» ደግሞ ለጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ ለጆን ኮልትሬን መታሰቢያ የሠሩት ሙዚቃ አለ፤ ስሙን በርዕሱ ላይ ጽፈውታል። በ1973 የሸክላ ኩባንያቸው ያኔ ገበያውን የያዘውን የካሜሩናዊውን ማኑ ዲባንጎን «ሶል ማኮሳ» አስመስለው እንዲሠሩለት ሲጠይቃቸው፣ አባላቱ እንደሚተርኩት፣ የልምምድ ስቱዲዮ ገብተው በአንድ ቀን የራሳቸውን ይዘው ወጡ፤ «ፈንኪ ስተፍ»፣ «ጃንግል ቡጊ»፣ «ሆሊውድ ስዊንጊንግ»። ፈንክ ነው፣ ያስጨፍራል፤ ግን ሳክስፎኑና ትራምፔቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚገቡና አንድ ላይ እንደሚቆርጡ ልብ ብሎ ለሰማ ሰው የጃዝ ትምህርታቸው አልተደበቀም።

«ሰመር ማድነስ» ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። በ1974 የወጣ፣ ግጥም የሌለው ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ ፒያኖው ሳይቸኩል ኮርዱን ያነጥፋል፤ ቤዙ ከሥር ጥቂት ኖታ ብቻ እያስቀመጠ ይሄዳል፤ ጊታሩ በለሆሳስ ይናገራል። ከዚያ ሲንተሳይዘሩ አንድ ድምፅ ይይዝና ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ይስበዋል፤ አሁን ይቆማል ሲሉት ይጨምራል። ማንም አይሮጥም። ሁሉም ለሌላው ቦታ ትቶ ነው የሚጫወተው፤ ዝም ማለት የሚችል ሙዚቀኛ ብቻ ነው እንዲህ መሥራት የሚችለው። እኔ ይህን ሥራ ስሙን ሳልጠቅስ፣ የማን እንደሆነም ሳልጠይቅ፣ ለዝግጅቴ የማስታወቂያ መግቢያ ማጀቢያ አድርጌው ነበር። የዚያ «የሰርግ ባንድ» ሥራ በየሳምንቱ ከእኔ ድምፅ ሥር ይፈስ ነበር።

እስከዚህ ድረስ አለማወቅ ነው፤ አለማወቅ ይቅር ይባላል። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ግን እያወቅሁ ነው።

ከወራት በኋላ አንድ ወዳጄ ከውጭ ያመጣቸውን የቀድሞ አልበሞቻቸውን አሰማኝ። አነበብኩ፣ አጣራሁ፤ ሰውየው ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። በማግስቱ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጬ «ባለፈው ከጉለሌ የደወሉልን አባት ልክ ነበሩ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አላልኩም። ይልቁንስ ስለ ባንዱ ልዩ ዝግጅት ሠራሁ። የሞንክን ወዳጅነት፣ ጃዚያክስን፣ የኮልትሬንን መታሰቢያ አንድ በአንድ አቀረብኩ፤ «በምርምራችን እንደደረስንበት» እያልኩ። ብዙ ሰው አመሰገነኝ። ምስጋናውንም ተቀበልኩ። መጀመሪያ ሰውየውን በአየር ላይ አፋቸውን አዘጋኋቸው፤ ቀጥሎ እውቀታቸውን ወስጄ በስሜ ሸጥኩት። ያን የመሰለ መታሰቢያ ለመምህሩ የሠራ ባንድ ታሪክ ስተርክ የራሴን መምህር ሰረዝኩ።

«ከጭፈራ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም» ያልኩትም ሌላ ዕዳ አለበት። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1977 ለንደን ውስጥ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሙዚቀኞች ለወሎና ለትግራይ ረሃብተኞች እርዳታ ማሰባሰቢያ የሚሆን ዘፈን ሲቀዱ፣ ሮበርት ቤል፣ ዴኒስ ቶማስና ጄምስ ቴይለር ከእነሱ ጋር ቆመው ነበር። ዘፈኑ አገራችንን የሳለበት መንገድ ብዙዎቻችንን ቅር ያሰኛል፤ እኔንም ጭምር። ሰዎቹ ግን ሰው ሲራብ ሰምተው መጥተዋል። ይህን ሳላውቅ በአማርኛ፣ ከአዲስ አበባ፣ በእነሱ ላይ መናገሬ ያሳፍረኛል።

ቻርልስ ስሚዝ በ2006፣ ሚከንስ በ2010፣ ሮናልድ ቤል በ2020፣ ዴኒስ ቶማስ በ2021፣ ጆርጅ ብራውን በ2023 አርፈዋል። በ2024 ባንዱ ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ሲገባ ከመሥራቾቹ በባንዱ ውስጥ የቀረው ሮበርት ቤል ነበር። ዜናውን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ጉለሌው ሰው ነው። ከዚያ ምሽት ወዲህ ደውለው አያውቁም። የቀድሞ የክለብ ሙዚቀኞችን ጠይቄያለሁ፤ ስም የሌለው ፍለጋ የትም አያደርስም። በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የሬዲዮ ዝግጅቴም ተቋርጧልና ስህተቱን በሠራሁበት ቦታ ማረም አልችልም።

ያ ልዩ ዝግጅት ግን ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዘዋወራል፤ በቅርቡ አንድ ወጣት ጊታር ተጫዋች «ከዚያ ነው የተማርኩት» ብሎኛል። የተማረው ከማን እንደሆነ ለእሱ ነግሬዋለሁ። ቅጂው ያላችሁ ሁሉ «በምርምራችን» የሚለውን ስትሰሙ፣ በሕዝብ ፊት የነገሩኝ ከጉለሌ የደወሉ የሳክስፎን ተጫዋች መሆናቸውን እወቁልኝ። የሚያውቋቸው ካሉ ደግሞ፣ በሕይወት ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉም ቤተሰባቸውን፣ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ አገናኙኝ።