የሚያጉረመርመው ስፒከሩ አይደለም

ስፒከር «እምምም» ማለት ሲጀምር አዲስ አበባ ያለውም፣ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውም ሰው ቀድሞ የሚኮንነው ስፒከሩን ነው። ስፒከሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ የላኩለትን ያሰማል እንጂ ከራሱ አይፈጥርም።

ዘመድ ወዳጁ ሁሉ «ይሄ ሰው ማጉያ መነካካት ይወዳል» ብሎ ስለያዘኝ ቅሬታው ከሁለቱም አገር ይደርሰኛል። ከአገር ቤት በቴሌግራም ተቀድቶ የሚመጣ ጉርምርምታ አለ፤ ያለ ሰላምታ፣ ያለ አንዲት ቃል፣ እምምታ ብቻ። እዚህ ደግሞ «ና ቡና ጠጣ» ተብዬ እጠራና ሁለተኛው ሳይቀዳ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተንበርክኬ እገኛለሁ። ድምፁ በሁለቱም ቤት ያው ይመስላል። ምክንያቱ ግን ተቃራኒ ሊባል ምንም አይቀረው፤ እዚያ ግራውንድ (መሬት የሚነካው ሽቦ) በመጥፋቱ፣ እዚህ ግራውንድ በመብዛቱ።

ጆሮው የሰላ ሰው ግን በድምፁ ብቻ አገሩን ይለያል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ሆኖ 60 ጊዜ። ስለዚህ የአዲስ አበባው ጉርምርምታ ወደ ሶል ይጠጋል፣ የዚህኛው በሲ ቢሞልና በሲ መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክራር የሚቃኝ ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት። ከዚህ የሚጠቅመው ነገር ሌላ ነው። ድምፁ በመሠረታዊው በ50 ወይም በ60 ላይ ከሆነ ነገሩ የሽቦና የግራውንድ ነው ብሎ መጠርጠር ነው። እጥፍ ሆኖ በ100 ወይም በ120 ላይ ሸከርከር ብሎ ከመጣ ደግሞ የማጉያው ኮንደንሰር ሳይደርቅ አልቀረም። አሮጌ ቴፕ ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል፤ የሰፈር ቴፕ ሠሪ ክዳኑን በካቻቢቴ ከፍቶ፣ ጫፉ ያበጠውን ሲሊንደር አይቶ «ደርቋል» ይላል፣ ይቀይረዋል፣ አለቀ። እናንተ ግን አትክፈቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ኮንደንሰሩ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ቀልድ አያውቅም።

ወደ አገር ቤቱ ልመለስ። ብዙ ቤት የግድግዳው ሶኬት የግራውንድ ምላስ አለው፤ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። የዛሬ ዲኮደር፣ ዲቪዲ፣ ላፕቶፕ ቻርጀር ሁሉ ውስጡ ጥቃቅን ኮንደንሰሮች አሉት፤ የመብራቱን ረብሻ ወደ ግራውንድ እንዲያስወግዱ የተቀመጡ ናቸው። ግራውንድ ከሌለ የሚያስወግዱበት ያጣሉ። ያን ጊዜ የዕቃው ብረት ከፌዙና ከኒውትራሉ መሃል ተንሳፍፎ ወደ 110 ቮልት ገደማ ይደርሳል። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ መጠኑ ጥቂት ስለሆነ አይገድልም፣ ግን በእጅ ጀርባ ሲዳስሱት ነዘር ነዘር ያደርጋል። መውጫ የሚፈልገው ይህ ኤሌክትሪክ በቀይና ነጭ የድምፅ ገመድ አድርጎ ማጉያው ውስጥ ይገባል።

ባለፈው አጎቴ ደወሉ።

«ልጄ፣ እጄን ዲኮደሩ ላይ ሳሳርፍ ዝም ይላል። ሳነሳ ይጀምራል። ምን ጉድ ነው?»

«ጋሼ፣ የማጉያውን ሶኬት ነቅለው ገልብጠው ይሰኩትማ።»

«ገልብጬ? ሁለቱም እግር ያው አይደለም እንዴ?»

«ይሞክሩት እስቲ።»

ትንሽ ዝምታ፣ ከዚያ ሳቅ። «አንተ! ቀነሰ እኮ!»

ያው አይደለም። ክብ ባለሁለት እግሩ ሶኬት በሁለቱም በኩል ይገባል፣ ፌዙ በየትኛው እግር እንደገባ ደግሞ በብዙ ዕቃ ላይ ከትራንስፎርመሩ የሚያፈተልከውን መጠን ይለውጠዋል። ይህን ዘዴ የአገር ቤት ጠጋኞች ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ሞክረው ደርሰውበት ነው። አሠራራቸውም ያስቀናኛል። ሁሉንም ይነቅላሉ። ማጉያውንና ስፒከሩን ብቻ ሰክተው ያዳምጣሉ። ዝም ካለ ቴፑን ይጨምራሉ፣ ያዳምጣሉ፤ ዲኮደሩን ይጨምራሉ፣ ያዳምጣሉ። እምምታው የተመለሰበት ገመድ ጥፋተኛው ነው። ቮልዩሙንም ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ጉርምርምታው አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ከማጉያው በፊት ካለው ዕቃ የመጣ ነው፤ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ካልተነቃነቀ ማጉያው ራሱ ታሟል።

የማልቀበላቸው አንድ ልማድ ግን አለ፤ ከማጉያው ብረት ሽቦ ስቦ የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰር። ድሮ ቧንቧው ብረት ሆኖ መሬት ውስጥ ሲገባ ድምፁን ያጠፋ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ምንም አይሠራም። ብረት ከሆነም አንድ ቀን ዕቃው ውስጡ ቢነካካ ገላዋን የምትታጠበው ጎረቤት ናት የምትነዘረው። ትክክለኛው ነገር ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን መሬት ውስጥ ዘንግ ቀብሮ ሽቦውን ከቆጣሪው ሳጥን እስከ ሶኬቱ እንዲያደርስ ማድረግ ነው። ወጪ አለው። ለማጉያው ሲባል ባይሆን እንኳ ለምጣዱና ለልብስ ማጠቢያው ሲባል ይገባል።

እዚህ አሜሪካ ይህ ሁሉ ተሟልቷል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራ ቤት ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ነው፣ ሦስተኛው ቀዳዳም በእውነት መሬት ይደርሳል። ታዲያ ምን ያጉረመርማል? ማጉያው በግድግዳው ሶኬት በኩል መሬት ነክቷል። ቴሌቪዥኑ ደግሞ የኬብሉ ወፍራም ጥቁር ሽቦ ተሰክቶበታል፤ ያ ሽቦ ከውጭ ሲገባ በሌላ ቦታ መሬት ነክቷል። ሁለቱ መሬቶች በቮልት እኩል አይደሉም። ከፍና ዝቅ ባሉ ሁለት ኩሬዎች መሃል ቦይ ቢቀዱ ውሃው እንደሚወርድ ሁሉ፣ ቴሌቪዥኑን ከማጉያው ጋር ያገናኛችሁበት የድምፅ ገመድ ቦይ ይሆናል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት ይህንን ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ወፍራሙን የኬብል ሽቦ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ በጣታችሁ ፈትታችሁ አውጡት። ቤቱ ጸጥ ካለ ነገሩ ተገኘ። ለኬብሉ መስመር የምትገባ ትንሽ ማግለያ አለች፤ ዋጋዋ ከአንድ ምሳ ብዙም አይበልጥም። ጥፋቱ በሌላ ገመድ ከሆነም በድምፅ ገመዱ ላይ የሚገባ ማግለያ ትራንስፎርመር ይገኛል። ሁሉንም ዕቃ በአንድ ዲቫይደር መሰካትም ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የእኛ ሰው ግን እዚህ ሲመጣ የጠጋኙን ትዕግሥት አገር ቤት ትቶት ይመጣል። ወይ አውራ ጣት የሚያህል የመብራት ገመድ በብዙ መቶ ዶላር ይገዛል፤ ይህ በእኔ ፍርድ ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ገመዱ ምንም ቢወፍር ሉፑን አይቆርጠውም። ወይ ደግሞ ከዚያ የባሰውን ያደርጋል፤ ሦስተኛውን የሶኬት እግር በፒንሳ ይቆርጠዋል። ድምፁ ይጠፋል፣ እውነት ነው። «አገር ቤት በሁለት እግር ስንት ዘመን ኖረናል» የሚል መልስም ሰምቻለሁ። አገር ቤት በሁለት እግር የሚሠራው ዕቃ ብዙው ለሁለት እግር ተብሎ ድርብ መከላከያ የተደረገለት ነው። ባለሦስት እግሩ ግን ደኅንነቱ በዚያች በሦስተኛዋ ላይ ነው። ፌዙ ብረቱን የነካ ቀን ፊውዝ የሚያስወርደው እሷ ናት፤ ከሌለች ተራው የእናንተ እጅ ነው።

ሸክላ ማጫወቻ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸውን ሸክላዎች የሚያሳድድ ወጣት እዚህ በዝቷል። ዋጋውም እሳት ሆኗል። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው፤ ማጉያው ይህን መቶ ጊዜ ያህል ያሳድገዋል። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ተቀንሶ ስለሆነ ሲጫወት ወፍራሙ ከሁሉም በላይ ይነሳል። ጉርምርምታው የተሸሸገው ደግሞ እዚያው ወፍራሙ ዘንድ ነው። ከማጫወቻው ጀርባ ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀች ቀጭን ሽቦ ትወጣለች፤ ቦታዋ ማጉያው ጀርባ «ጂኤንዲ» የተጻፈበት ብሎን ሥር ነው። ብዙ ቤት ሄጄ ያገኘኋት ሶፋው ሥር ተንጠልጥላ ነው። ብሎኑ ዝጎ ከሆነም ጠረግ አድርጉት። ማጫወቻውን ከማጉያው ጎን ሳይሆን ራቅ አድርጎ ማስቀመጥም ይረዳል።

እዚህ ገዝታችሁ ለቤተሰብ ልትልኩ ያሰባችሁ ሁሉ አንድ ነገር አስቡ። ትራንስፎርመር 220ን ወደ 120 ያወርዳል፤ 50ውን ግን 60 አያደርገውም። በብዙ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተሩ ፍጥነቱን የሚቆጥረው በመብራቱ ምልልስ ነው። በደቂቃ 45 መዞር ያለበት ሸክላ አዲስ አበባ ሲደርስ 37 ተኩል ይዞራል፤ ዘፋኙም ሙዚቀኞች ተርዝ ሚኖር የሚሉትን ያህል ወርዶ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይዘፍናል። ለ60 ብቻ የተሠራው የማጉያ ትራንስፎርመርም 50 ላይ ይግላል፣ ስፒከር ሳይሰካ እንኳ ራሱ ያጉረመርማል። ስለዚህ ዕቃው ካርቶን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ገልብጡትና ከጀርባው የተለጠፈውን አንብቡ። 220ንም 50ንም እንደሚቀበል ካልተጻፈበት አትላኩት፣ እዚሁ ተጠቀሙበት።