የእናታችን ዓመት በወንድሜ መስኮት



እኔ እዚሁ ናታንያ ውስጥ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ሰው ማዳመጥና ፎርም መሙላት ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል። ሰንበት ከወጣ በኋላ ኪርያት ኖርዳው ባለው የእናታችን ቤት ቡና ሲፈላ፣ እሱ ኮምፒዩተሩን ይከፍታል። አንድ ምሽት ምን እንደሚሠራ ብጠይቀው «የፕሮግራም ሆድ ዕቃ የሚታይበት መስኮት» አለኝ።

የሚጽፍበት ቋንቋ ሊስፕ ይባላል። ጆን ማካርቲ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1958 በኤም አይ ቲ የጀመረው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር እናታችን የተወለደችበት ዓመት መሆኑ ነው። በሊስፕ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ሳያቆሙት ውስጡን ማየትና ማረም ይቻላል። ለማየቱ «ኢንስፔክት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን መልሱን በደረቅ ጽሑፍ ይዘረዝራል። ወንድሜ በሥዕል እንዲታይና በመጫን እንዲከፈት ነው የፈለገው። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በ1980ዎቹ ለሊስፕ ተብለው በተሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ እንዲህ ያሉ መስኮቶች ነበሩ። «ክሉዞ» የሚባልም አለ፤ ስሙ የተወሰደው ከአስቂኝ ፊልም ላይ፣ ከዚያ ዝርክርክ የፖሊስ መርማሪ ነው።

መስኮቱ አንዱን መዝገብ «ዓይነትህ ምንድን ነው? ምን ምን ኪስ አለህ?» ብሎ ይጠይቅና ኪሶቹን በየተራ ያሳያል። በኪሱ ያለውን ሲጫኑት እሱም በተራው ይከፈታል። ለማሳየት ያህል የእኛን ቤተሰብ ጻፈበት። እናታችንን ሲጫን ልጆቿ መጡ፤ ልጇን ሲጫን እናቱ መጣች፤ እሷን ሲጫን እንደገና ልጆቿ። «ሁሉንም በአንድ ጊዜ ልሣል ቢል ማለቂያ የለውም፤ ስለዚህ የተጫኑትን ብቻ ይከፍታል» አለኝ።

እኔን የገረመኝ ባዶው ኪስ ነው። «የለም» የሚል መልስ ያለበት ኪስና ገና ምንም ያልገባበት ኪስ በሊስፕ ይለያያሉ፤ መስኮቱም ለይቶ ያሳያል። እኔ በምሞላው ፎርም ላይ ግን ልጅ የሌለውም፣ ስለ ልጅ ያልተጠየቀውም ያው ነጭ ቦታ ናቸው።

ከዚያ የእናታችንን የልደት ዓመት ከፈተ። 1966 ይላል፤ ከተኡዳት ዜሁቷ ቀድቶት ነው። እናታችን የተወለደችው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1950 ነው። በ1991 ስንመጣ አንድ ሰው በትክክል 1958 ብሎ ለውጦ ጻፈላት። ኋላ አንድ ቢሮ ይህንኑ የሀበሻ ዓመት መስሎት ሌላ ስምንት ጨመረበት። በወረቀት ስምንት ዓመት ልጅ ሆነች፤ ጡረታዋም ራቀ። ዛሬም ጎሕ ሳይቀድ ለኒካዮን ትወጣለች።

መስኮቱ 1966 ቁጥር መሆኑን አሳየን። የማን አቆጣጠር እንደሆነ ግን አላሳየም፤ ኪሱ ውስጥ የገባው ቁጥሩ ብቻ ነዋ። ወንድሜ ጥቂት ዝም አለና አንድ መስመር ጨመረ። ፕሮግራሙን ሳያቆመው በሁላችንም መዝገብ ላይ «አቆጣጠር» የሚል አዲስ ኪስ ብቅ አለ፤ የሁላችንም ባዶ።

እናንተ አዲስ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ የልደት ዓመት ስትጠየቁ ወሩንና የማን አቆጣጠር እንደሆነ አብራችሁ አስጽፉ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ነው። ተኡዳት ዜሁት እጃችሁ በገባ ዕለት ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ያንብብላችሁ። ዕድሜን በፍርድ ቤት ለማስወሰን የሚያስችል ሕግ ከ1963 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን ማስረጃ ይጠይቃል፤ ማስረጃ ደግሞ ከጎንደር ገጠር ከየት ይምጣ? የእናታችንን ማመልከቻ እየጻፍሁ ነው፤ ልደቷን የሚያስታውሱ ሁለት ሽማግሌዎች አግኝቻለሁ።

በረካውን ስትቀዳ እናታችን ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ «የኔን አስተካክልልኝ» አለችው። ወንድሜ ኪሱን ተጭኖ 1958 ጻፈ፤ አቆጣጠር በሚለውም የፈረንጅ ብሎ ሞላ።

«አለቀ?»

«እዚህ አልቋል፣ እማዬ።»

«እንግዲያ ይህን መስኮት ለእነሱም ስጣቸዋ!» አለችና ሲኒውን አቀበለችው።