ዴለርን ፍለጋ በኬንት

በእንግሊዝ ኬንት ወዳለችው ካንተርበሪ የሚጎርፈው መንገደኛ አብዛኛው ሊቀ ጳጳሱ ቶማስ ቤኬት በ1170 የተገደለበትን ካቴድራል ሊያይ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልጻፈው)። እኔን ከለንደን ባቡር ያሳፈረኝ ግን አንድ አሮጌ ሸክላ ነው፤ ዘፋኙ አልፍሬድ ዴለር የሙዚቃ ደራሲውን የሄንሪ ፐርስልን ዜማዎች የዘፈነበት። ዴለር ፂማም፣ ግዙፍ ሰው ነበር፤ ሲናገር የተራ ወንድ ድምፅ ነው ያለው። ሲዘፍን ግን ሴቶች ከሚዘፍኑበት ከፍታ ላይ ወጥቶ ይንሳፈፋል፤ የሴት አትሉት፣ የልጅ አትሉት። ካውንተርቴነር የሚባለው ይህ ድምፅ ነው። የጥንት ጣልያኖች በልጅነታቸው ከሚሰልቧቸው ዘፋኞች ጋር አንድ የሚያደርገው አይጠፋም፤ ዴለር ግን የልጆች አባት ነበር። ምስጢሩ የድምፅ አውታሮቹ በጠርዛቸው ብቻ እንዲርገበገቡ ማሠልጠን ነው።

ካቴድራሉ ውስጥ ለሠርክ ጸሎት ደረስኩ። መዘምራኑ ሲጀምሩ ድምፁ ከድንጋዩ ቅስት ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ለመውረድ የሚቸኩል አይመስልም። ዴለር እዚህ መዘመር የጀመረው በ1940 ነው። በ1912 እዚያው ኬንት ውስጥ፣ በባሕር ዳሯ ማርጌት ተወለደ፤ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም፤ የቤት ዕቃ መደብር ውስጥም ሠርቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መሣሪያ አልይዝም ብሎ ቀን እርሻ ላይ ይውልና ከካቴድራሉ መዘምራን ጋር ይዘምር ነበር። በ1942 የጀርመን ቦምብ ከተማይቱን ሲያወድም ካቴድራሉ እንደ ተአምር ቆመ። ብዙም ሳይቆይ የሙዚቃ ደራሲው ማይክል ቲፔት መጥቶ ፐርስልን ሲዘፍን ሰማው፤ ወደ ለንደን መድረክም አወጣው። በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያናት መዘምራን መካከል ብቻ ተሸሽጎ የኖረውን ድምፅ በ1946 በቢቢሲ ሬዲዮ አገር ሁሉ ሰማው።

የሙዚቃ ደራሲው ቤንጃሚን ብሪተን በ1960 የሼክስፒርን «የበጋ ሌሊት ሕልም» ወደ ኦፔራ ሲለውጥ የተረት መናፍስቱን ንጉሥ ኦቤሮንን ለዴለር ድምፅ ለክቶ ጻፈለት። ሐያስያኑ ግን ትወናውን አጥላሉበት፤ በማግሥቱ ዓመት በለንደኑ ኮቬንት ጋርደን ሲታይ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። እኔ ይህን ግፍ እለዋለሁ። ብሪተን ራሱ በ1966 ኦርኬስትራውን እየመራ ያስቀረጸውን ስሙት፤ ዴለር አለበት። ያን ንጉሥ ከሰው ወገን የማይመስለው ድምፅ እንጂ የመድረክ ሩጫ አይደለም የሠራው።

ከካንተርበሪ ይበልጥ የወደድኩት ግን ቦተን አሉፍ የተባለውን የኬንት መንደር ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንደሩ ተነጥሎ ሜዳ ላይ ቆሟል። በረንዳው ውስጥ የእሳት ምድጃ አለ፤ ወደ ካንተርበሪ የሚሄዱ ተሳላሚዎች በወንበዴ የሚፈራውን ጫካ ተሰባስበው እስኪሻገሩ የሚሞቁበት ነው ይባላል። ዴለር በ1960ዎቹ መጀመሪያ «ስቶር ሙዚቃ» የተባለውን ፌስቲቫሉን የመሠረተው እዚህ ነው። ሰፊ አዳራሽ የሚጠይቅ ድምፅ አልነበረውም፤ ሉት የተባለው የክር መሣሪያ ከአጠገቡ ካለና ሰው ዝም ካለለት ይበቃዋል። በ1979 በጣልያን ቦሎኛ ሞተ፤ ፌስቲቫሉን እንደ እሱ ካውንተርቴነር የሆነው ልጁ ማርክ ለረጅም ዓመታት መራው።

መሄድ የምትፈልጉ በጁን ወር ሂዱ፤ ፌስቲቫሉ ያኔ ነው። በአሽፎርድና በካንተርበሪ መካከል ዋይ በምትባለው ጣቢያ ውረዱ፤ ከዚያ በእግር ይደረሳል። ወፍራም ልብስ አትርሱ፤ የድንጋይ ቤት በበጋም ይበርዳል።