የወፍ ጎጆ በመራዊ ዛፎች ላይ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ ርቀት እንደ ተጓዘ በሜጫ ምድር የመራዊን ከተማ ያገኛል። አገሩ ሜዳማ፣ አፈሩ ቀይ ሲሆን በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ ያበቅላል። የቆጋ ወንዝ በአቅራቢያው አልፎ ከግልገል ዓባይ ጋር ይገናኛል፤ ግልገል ዓባይም ውሃውን ለጣና ያስረክባል። ቆጋ ከተገደበና 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ለማጠጣት የታሰበው ቦይ ከተዘረጋ ወዲህ፣ ቀድሞ በበጋ ደርቆ ይቈይ በነበረው መስክ ላይ ስንዴና አትክልት ይታያል። መንገደኛው ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ አጣናው ተከምሮ የጭነት መኪና ይጠብቃል።

እኛ ግን ከመንገዱ ፈቀቅ ብለን ወደ ገበሬው ግቢ እንግባ። በዚያ በቤቱ ዙሪያ በቀሩት በዋንዛው፣ በብሳናው፣ በወይራውና በአጋሙ አጥር ውስጥ የወፍ ጎጆ አለ። ይህን መመልከት የእረኛ ልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር ኦሪትን ያንብብ። በዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ፣ ሰው በመንገዱ የወፍ ጎጆ ቢያገኝና እናቲቱ በዕንቍላሎቿ ወይም በጫጩቶቿ ላይ ተቀምጣ ብትሆን፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ ተከልክሏል። ይልቁንም የሚያስደንቀው ለዚህች ትንሽ ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ ነው፤ አባትና እናቱን ለሚያከብር የተነገረው የመልካም ነገርና የረጅም ዕድሜ ተስፋ፣ እዚህ ላይ ለወፍ ጎጆ ሲባል ተደግሞ ይገኛል። ዳዊት የሚደግሙ ልጆችም በመዝሙር 83 የወፍ ቤትና የዋኖስ ጎጆ ከመሠዊያው ጋር ተያይዞ መነሣቱን ያውቃሉ። ያውቃሉ ስል በቃል ይዘውታል ማለቴ ነው እንጂ፣ የዋኖስን ጎጆ በዐይኑ ያየ ከመካከላቸው ጥቂት ነው።

ጎጆ የሚገኘው ቅርንጫፍ በመገለጥ ሳይሆን ወፊቱን በመመልከት ነው። ከግቢው ጥግ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ዝም ማለት ይበቃል። ወፊቱ በአፏ የሣር ስንጥር ወይም የዶሮ ላባ ይዛ ስትበር የታየች እንደ ሆነ ቤት በመሥራት ላይ ናት። ትል ወይም ፌንጣ ይዛ ሳትውጠው ወደ አንድ ዛፍ ከገባች ጫጩት አላት። ከጎጆው ነጭ ነገር ይዛ ከወጣችም የጫጩቶቿን ኵስ እያጸዳች ነው፤ የብዙዎቹ ትናንሽ ወፎች ጫጩቶች ኵሳቸው በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚወጣ፣ ወላጆቹ እንደ ከረጢት አንጠልጥለው ከጎጆው ርቀው ይጥሉታል። ይህን ለተማሪዎች ስነግራቸው መጀመሪያ ይሥቃሉ፤ በኋላ ግን ከሁሉ አስቀድመው የሚፈልጉት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ብቻ በብርቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ወፊቱ ምግብ እንደ ያዘች በቅርንጫፍ ላይ ቆማ ብትጮኽና ወደ ጎጆዋ ባትገባ፣ ተመልካቹ አጥብቆ ቀርቧል ማለት ስለ ሆነ ወደ ኋላ ይመለስ። ቅጠል ገልጦ የሚያይ እጅ ለቁራና ለእባብ መንገድ ይከፍታል።

እንግዲህ በግቢው ዙሪያ ምን ይገኛል? ዋኖስ ሰነፍ ትመስላለች፤ ጥቂት ጭራሮ አነባብራ ስለምትቀመጥ ከሥር ቀና ብሎ ያየ ሰው ነጫጭ ዕንቍላሎቿን በቀዳዳው ሊያይ ይችላል። የአበባ ማር የምትመጥጠው ቀጭን ወፍ ግን ጎጆዋን በሸረሪት ድር እየሰፋች ከቅርንጫፍ ጫፍ እንደ ከረጢት ታንጠለጥላለች፤ በሩ በጎን ሲሆን ከበላዩ ትንሽ ዳስ የመሰለ ክዳን አለው። ጅራቱ ከገላው የሚረዝመው ቀይ ወፍና ሚስቱ የሚሠሩት ጎጆ ከሲኒ አይበልጥም፤ ውጭውን የዛፍ ሽበት ስለሚለጥፉበት የቅርንጫፉ እብጠት እንጂ ቤት አይመስልም። ከመካከላቸው ለማግኘት አስቸጋሪው ይህ ነው፤ ያገኘውም ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ይሰነብታል።

በሣር ክዳን ቤት ከጣሪያው ሥር ቀይ ድንቢጥ ትገባለች። በዚህች ወፍ ቤት የሚሆነው ነገር ከሁሉ ይልቅ ይደንቃል። ወንዱ አንጸባራቂ ጥቁር የሆነ ሌላ ትንሽ ወፍ አለ፤ ሴቲቱ የራሷን ጎጆ ሳትሠራ ዕንቍላሏን በቀይ ድንቢጥ ጎጆ ውስጥ ትጥላለች። ጫጩቷም ከባለቤቶቹ ልጆች ጋር አብሮ ያድጋል፤ ወንድ እንደ ሆነም ካደገ በኋላ የአሳዳጊዎቹን ዜማ ይዞ ያዜማል። አሁን የሣሩ ጣሪያ በቆርቆሮ በመተካት ላይ ስለ ሆነ፣ ድንቢጥ የቆርቆሮውንና የግድግዳውን ክፍተት መፈለግ ይዛለች። ለሰው ግን ቆርቆሮው ከዝናብና ከእሳት ዕረፍት ስለ ሰጠው ይህን መንቀፍ አይገባም።

የከተማይቱ ስም መርዓዊ ተብሎም ይጻፋል፤ በግእዝ መርዓዊ ሙሽራ ማለት ነው። በዋንዛው ላይ ክረምቱን ሁሉ የሚንጫጫውን ሸማኔ ወፍ የተመለከተ ሰው ይህ ስም ትዝ ሳይለው አይቀርም። ገላው ቢጫ፣ ራሱ ጥቁር የሆነው ወንዱ ወፍ ከሣርና ከበቆሎ ቅጠል ረጃጅም ክር ሰንጥቆ ያመጣል፤ በእግሩ ይዞ በአፉ ይቋጥራል፤ አስቀድሞ ቀለበት ይሠራና በዚያ ላይ ቆሞ የቀረውን በዙሪያው ይሸምናል። ቤቱ ሲያልቅ ከበሩ ሥር ቍልቍል ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ሴቲቱን ይጠራል። እርስዋም ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ክሩን እየሳበች ጥንካሬውን ትፈትናለች። ከወደደችው ውስጡን በለስላሳ ነገር ታነጥፋለች፤ ካልወደደችው ትሄዳለች። አረንጓዴው ቅጠል ደርቆ እስኪጠይም ድረስ ተቀባይ ያጣ ቤት አይወደድምና፣ ሙሽራው የራሱን ሥራ በራሱ አፍ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። ሽማግሌ የሚልኩ ወጣቶች ይህን ቢመለከቱ አይጎዳቸውም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ከከብቶች እግር ሥር ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጠውን ቢጫ ወፍ ያየ ልጅ ግን ጎጆዋን እዚህ በመፈለግ አይድከም። እርስዋ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽታ የመጣች እንግዳ ናት፤ በሚያዝያ ገደማ ተመልሳ በዚያው ትወልዳለች። ደግሞም ወፍ በቀኝ ጮኸች በግራ ጮኸች እያሉ መንገድ የሚያስቀሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ገድ ከሚቈጥሩባት ጎጆዋን ቢቈጥሩላት በተሻለ ነበር።

ስለ ባሕር ዛፍ እናንሣ። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ በሜጫ ብዙ ቤት አሠርቷል፣ ብዙ ልጅ አስተምሯል፤ ስለዚህ እርሱን ማማት አልወድም። በረጅሙ ባሕር ዛፍ ጫፍም ጭልፊት ጎጆ ይሠራል። ለትናንሾቹ ወፎች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ተጠጋግቶ ተተክሎ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለአጣና ይቈረጣል፣ ከሥሩም ቍጥቋጦ አይበቅልም፤ ጎጆ የሚንጠለጠልበት ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ከየት ይመጣል? ከገበሬው ግቢ ሌላ የቀረው መጠጊያ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። የባሕር ዳሩ የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በፈጸሙት ጥናታቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረዋል፤ ከዚያም ወዲህ በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ ተክቧል። ከብት የገባበት ደን ትልልቁ ዛፍ ቢቆምም ከሥሩ ያለው ቡቃያና ቍጥቋጦ ስለሚያልቅ፣ ዝቅ ብለው የሚሠሩ ወፎች ቤት ያጣሉ። በጣና ዳር ባለው በዘጌ፣ በሬ ጠምዶ ማረስ ያልተለመደ በመሆኑ ገዳማቱና ቡናው በአንድ ጥላ ሥር እስከ ዛሬ ቆይተዋል። ሜጫ ግን የእርሻ አገር ነው፤ እንዲህ ያለውን ሊያደርግ አይችልም።

ባለፈው ክረምት ከመራዊ በእግር አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ቀበሌ በአጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። በግቢው ሦስት ታላላቅ ዋንዛዎች ነበሩ፤ ትልቁም በሸማኔ ወፎች ጎጆ ተሞልቶ ነበር። የዋንዛ እንጨት ለበርና ለከበሮ የሚፈለግ ስለ ሆነ፣ አንድ ነጋዴ ትልቁን ዛፍ ጥሩ ዋጋ ሰጥቶ በነሐሴ ሊያስቈርጠው መጣ። አጎቴም፣ «መምህር፣ እነዚህን ወፎች የምቀልባቸው እኔ ነኝ። ዳጉሳዬን በልተው ዛፌ ላይ ያድራሉ፤ ልጆቹ ከማማ ላይ ወንጭፍ ሲያጮኹ ይውላሉ። የልጅ ልጄም የከተማ ትምህርት ቤት ኪራይ ይፈልጋል» አለኝ። ንግግሩ እውነት ነበር። እኔም እነዚሁ ወፎች ጫጩት ሲይዙ ትልና ፌንጣ እየለቀሙ እንደሚመግቡ ነገርሁት፤ እርሱ ግን፣ «በጥቅምት የሚበሉትን አላየህ!» ብሎ ሣቀ።

ነገሩን የቈረጡት የአጎቴ ባለቤት ናቸው። እንጀራ ሲጋግሩ ቆይተው ወደ ደጅ ወጡና፣ «ያራስ ቤት በላይዋ ላይ አይፈርስም። ጫጩቶቹ ይውጡና ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉ» አሏቸው። ነጋዴው እስከ ኅዳር ከቈየሁ ዋጋው ይቀንሳል አለ፤ እውነትም ቀነሰ። አጎቴ በዋጋው ቢያጕረመርም የባለቤቱን ቃል አላፈረሰም። ዛፉ በኅዳር ተቈረጠ፤ ከቅርንጫፉ ጋር የወደቁት ጎጆዎች ሁሉ ባዶ ነበሩ። ትንሿ የልጅ ልጅ እየሰበሰበች ለዶሮዎቿ መታቀፊያ አደረገቻቸው።

ዘንድሮ ሸማኔዎቹ በቀሩት ሁለት ዋንዛዎች ላይ ሠርተዋል። ልጅቱም ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለያንዳንዱ ጎጆ በከሰል አንድ ጭረት ታደርጋለች፤ የፈረሰ ሲኖርም በአግድም ትሰርዘዋለች። እትዬም በትልቁ ዛፍ ጕቶ አጠገብ ሁለት የዋንዛ ችግኝ ተክለው ከፍየል በእሾኽ አጥረዋል። ነጋዴው ደግሞ ተመልሶ መጥቶ ሁለተኛውን ዛፍ በክንዱ ለክቶ ሄዷል፤ ቀጠሮውም ለኅዳር ነው።