ለበዓል የሚኾን የፍሬ ጽዋ

በአገራችን በዓል በቀረበ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው የመጠጥ ነገር ነው። ገና ሳምንታት ሲቀሩ ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ በወይራ ይታጠናል፤ ብቅሉ ይፈጫል፤ ማር ያለውም ማሩን በውሃ በጥብጦ ጠጅ ይጥላል። በበዓሉ ዕለት እንግዳ ከደጅ ሲገባ ወንበር ከመሰጠቱ ጋራ ብርሌው ይቀርባል። ባለቤቱ «በሞቴ» ብሎ ይለምናል፤ እንግዳውም ጥቂት አንገራግሮ ይቀበላል። ይህ ልማድ የተራራቀውን ዘመድ የሚያቀራርብ፥ የተኳረፈውንም የሚያስታርቅ ስለ ኾነ ማንም አይነቅፈውም።

ነገር ግን በዚሁ ማዕድ ዙሪያ ብርሌው የማይደርሰው ብዙ ሰው እንዳለ ልብ ማለት ይገባል። ሕፃን አለ፤ ነፍሰ ጡር አለች፤ አገልግሎት የሚጠብቀው ካህን አለ፤ እንኳን አደረሳችሁ ሊል የመጣ ሙስሊም ጎረቤት አለ፤ ስእለት ያለበት አለ፤ ሐኪም የከለከለው አለ፤ መጠጥ ጎድቶት በብዙ ትግል የተወም አለ። ለእነዚህ ምን ይቀርብላቸዋል? ብዙውን ጊዜ ኹሉ ከተቀዳለት በኋላ «ለእርስዎስ ምን ይምጣ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከዚያም ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል። ልጁ ለስላሳ ይዞ እስኪመለስ ድረስ ያ እንግዳ ባዶ እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ ጉባኤውም ኹሉ ይመለከተዋል። እንግዳ የመጣው ጥሙን ሊቈርጥ አይደለም፤ ጥሙንስ በቤቱ ውሃ ይቈርጥ ነበር። አስቀድሞ ታስቦ እንደ ኾነና እንዳልኾነ ግን ከሚቀርብለት ነገር ያውቃል።

አባቶቻችን ይህን ነገር ሳያስቡት አልቀሩም። ብርዝ የሚባለው መጠጥ ለዚሁ የተዘጋጀ ነበር። ማር በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ጌሾ ሳይገባበት ተጠልሎ በብርሌ ይቀዳል። መልኩ ከጠጅ ብዙ አይለይምና፥ የማይጠጣው ሰው ከሚጠጣው ጋራ አንድ ዓይነት ዕቃ ይዞ ሲጫወት ይውል ነበር። ኾኖም ብርዝ ብዙ ቀን አይቈይም፤ እርሾው ሥራውን ሲጀምር መፍላቱ አይቀርምና ትኩስነቱ ሳይለቀው ሊጠጣ ይገባል። ዛሬ ደግሞ በከተማ ንጹሕ ማር ዋጋው ውድ ስለ ኾነ፥ ብርዝ በጥብጦ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ጥቂት ነው።

በዚህ ዘመን በብርዝ ፈንታ ሊቆም የሚችል ሌላ መጠጥ በከተሞቻችን ተለምዷል። ይኸውም ሕዝቡ ጁስ፥ የተለያዩት ፍሬዎች ተደራርበው በተቀዱም ጊዜ ስፕሪስ የሚለው ነው። አቮካዶና ማንጎ ፓፓያም እየብቻቸው ተፈጭተው በአንድ ብርጭቆ እንደ ጥለት ይደራረባሉ፤ ሎሚ ይጨመቅባቸዋል፤ ወፍራም ስለ ኾኑም በማንኪያ ይበላሉ። በጾም ወራት የአዲስ አበባ የጭማቂ ቤቶች በሰው የሚሞሉበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ ፍሬ በጾምም በፍስክም ይበላልና።

እነዚህ ፍሬዎች ራሳቸው በአገራችን እንግዶች ነበሩ። የማንጎ መገኛው ሕንድና አካባቢው ነው፤ አቮካዶና ፓፓያ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ፥ አናናስም ከደቡብ አሜሪካ ወጥተው በዓለም ኹሉ የተዘሩ ናቸው፤ ሙዝ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ ነው። ዛሬ ግን አቮካዶው በሲዳማ፥ ሙዙ በአርባ ምንጭ፥ ማንጎው በአሶሳ እንደ አገር ልጅ ሥር ሰዶ ያፈራል፤ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

የዚህን መጠጥ ጥቅም ለማስረዳት በአንድ ቤት የኾነውን መናገር ይበቃል። በአዲስ አበባ የምትኖር አንዲት እመቤት ታላቅ ወንድም አላት። በመጠጥ ምክንያት ጉበቱ ታምሞ ነበርና፥ ዳግመኛ ቢቀምስ ለሕይወቱ እንደሚያሰጋው ሐኪም ስለ ነገረው ፈጽሞ ተወ። መተዉ በሥራ ቀን አልከበደውም፤ የከበደው በበዓል ቀን ነው። ዘመድ በተሰበሰበ ጊዜ አንዱ «ለዛሬ ብቻ» ይለዋል፤ ሌላው «አንድ ብርሌ ምን ያደርጋል?» ይለዋል፤ ሦስተኛው «በሞቴ» ብሎ ይይዘዋል። ይህን የሚሉት በክፋት አልነበረም፤ በፍቅር ነበር። ከክፉ ሰው መሸሽ ቀላል ነው፤ የወዳጅን እጅ መመለስ ግን ጭንቅ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ምሳ እንደ በላ ቶሎ መሄድ ጀመረ፤ ኋላም መምጣቱን ጨርሶ ተወ። ኹለት ፋሲካና ኹለት ገና ያለ እርሱ አለፈ። እናታቸው በየበዓሉ የልጃቸውን ድርሻ ከድስቱ ቀንሰው አስቀምጠው፥ «ምናልባት ይመጣ ይኾናል» ይሉ ነበር።

እኅቲቱ በሦስተኛው ፋሲካ ወንድሟን ለመመለስ አሰበች። አስቀድሞ የመጣላት አሳብ ለእርሱ ብቻ የሚኾን የፍሬ ጭማቂ ማዘጋጀት ነበር። ወዲያው ግን፥ «ለእርሱ ብቻ ባቀርብለት ሕመሙን በብርጭቆ ቀድቼ ለዘመድ ኹሉ ማሳየቴ ነው» አለችና ተወችው። ጠጁ እንዳለ ይኹን፤ የፍሬው ጽዋ ግን ለኹሉ አስቀድሞ ይቅረብ፤ ከዚያ በኋላ የወደደ ወደ ጠጁ ይሂድ ብላ ቈረጠች። የነገሩ ፍሬ ነገር በዚህ ውሳኔ ላይ ነው፤ የቀረው የእጅ ሥራ ነው።

የእጅ ሥራውም ቢኾን በአንድ ቀን አልተቃናላትም። በመጀመሪያው ሙከራ አቮካዶውንና ሙዙን በማለዳ ልጣ ከተፈቻቸው፤ እስከ ቀትርም ጠቈሩ። ይህ የሚኾነው በፍሬው ውስጥ ያለው ኤንዛይም የሚባለው ነገር ፍሬው ሲቈረጥ ከአየር ጋራ ስለሚገናኝ ነው፤ የሎሚ ኮምጣጣነት ግን ይህን ሥራ ያዘገየዋል። በኹለተኛው ጊዜ ትኩስ አናናስ ከወተት ጋራ ፈጨች፤ ጥቂት በቈየ ጊዜም መረረ። አናናስ የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብር ኤንዛይም አለውና ጥሬውን ከወተት ጋራ አያስቀምጡትም። በሦስተኛው ጊዜ ጭማቂው ይብዛልኝ ብላ ውሃ ጨመረችበት፤ ሦስቱም ፍሬዎች በብርጭቆው ውስጥ ተደባልቀው የጭቃ መልክ ያዙ። ከዚያ ወዲያ ውሃን መቈጠብ ተማረች።

በመጨረሻ የያዘችው ሥርዐት ይህ ነው። ለ12 ሰው በትንሽ ብርጭቆ የሚበቃ 4 ትልልቅ አቮካዶ፥ 4 ትልልቅ ማንጎ፥ 1 መካከለኛ ፓፓያ፥ 6 ሎሚና የጣት ጫፍ የምታህል ዝንጅብል ያስፈልጋል። አቮካዶ በመዳፍ ተይዞ ቀስ ብለው ሲጫኑት እሺ የሚል ይኹን፤ ያልበሰለ እንደ ኾነ ከበሰለ ሙዝ ጋራ በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው፤ ከሙዙ የሚወጣው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያበስለዋልና። ማንጎ በእንጨቱ በኩል ሲያሸቱት መዓዛው የሚታወቅ፥ ፓፓያም ልጡ በብዛት ብጫ የኾነ ይመረጣል። ፍሬው ሳይላጥ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ቢላዋው ሲያልፍ በልጡ ላይ ያለውን እድፍ ወደ ውስጥ ይዞት ይገባልና።

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው በመፍጫ ይፈጫል። በአቮካዶው ላይ የ3 ሎሚ ጭማቂ ይጨመርበታል፤ የቀረው ሎሚ ለማንጎውና ለፓፓያው ይከፈላል፤ ዝንጅብሉ ከፓፓያው ጋራ ይፈጫል። ውሃ መፍጫው እስኪዞር ድረስ ብቻ ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። ስኳር አይገባበትም፤ የበሰለ ማንጎ ጣፋጭነት ለኹሉም ይበቃል። ሦስቱም በየዕቃቸው ተከድነው በማቀዝቀዣ ይቈያሉ። እንግዳ ሲደርስ ወፍራሙ አቮካዶ ከታች፥ ማንጎው በመካከል፥ ፓፓያው ከላይ ይኾናል፤ እያንዳንዱም እንዳይደፈርስ በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ተብሎ ይወርዳል። የሮማን ፍሬ ቢገኝ ጥቂት ከላይ ይበተናል። የቅኔ ተማሪ ኅብር ሲባል ቀለምንም ያስባል፤ በአንድ ቃል ኹለት ምሥጢር አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ የሚያድርበትንም የቅኔ መንገድ ያስባል። በዚህ ብርጭቆ ውስጥ ኅብሩ በዐይን ይታያል፤ አረንጓዴው አረንጓዴ ነው፤ ብጫው ብጫ ነው፤ ጽዋው ግን አንድ ነው።

በፋሲካው ማግሥት ዘመድ በተሰበሰበ ጊዜ እኅቲቱ እንዳሰበችው አደረገች። ወንድሟን አስቀድማ ሄዳ ለምናው ነበርና፥ «ለጥቂት ጊዜ ብቻ» ብሎ መጥቶ በበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ማዕዱን የባረኩት ሽማግሌ ካህን እንደ ሥርዐቱ አስቀድሞ ተቀዳላቸው፤ እርሳቸውም ብርጭቆውን ተቀብለው በማንኪያ ቀመሱና ደስ አላቸው። ከዚያ ለአጎቶች፥ ከዚያ ለሴቶች፥ ከዚያ ለጎረቤት፥ ከዚያም ለልጆች ታደለ። ወንድሟ በተራው ሲደርሰው እጁን ሳይዘረጋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «ምን ምን አለበት?» ብሎ ጠየቃት።

«ፍሬና ሎሚ ብቻ ነው፥ ወንድም ጋሼ፤ ከጋኑ አጠገብ አልደረሰም» አለችው።

ተቀበለ። ማንም ዘወር ብሎ አላየውም፤ ኹሉም በእጁ ያንኑ ይዟልና። ቀድሞ በብርሌ ያስጨንቁት የነበሩት ታላቁ አጎታቸው የእርሳቸውን ከጨረሱ በኋላ፥ «እንዴ፥ ይህስ ለካ ይበላል! በሞቴ አንድ ጊዜ ድገም!» አሉት። እርሱም ያን የሚፈራውን ቃል በሰማ ጊዜ ሳቀ፤ ብርጭቆውንም ዘርግቶ አስሞላ። በዚያ ቀን ጠጁም ተጠጣ፤ የጠጣም አልተነቀፈም። እርሱ ግን ቡናው አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪባል ድረስ ተቀምጦ ሲጫወት ዋለ። በማታ ድስቱ ሲታጠብ በውስጡ ተቀንሶ የተቀመጠ ድርሻ አልነበረም።

ይህን ሰምቶ ፍሬን ጉዳት የሌለበት አድርጎ ያለ መጠን መቅዳት ግን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ነጻ ስኳር ከሚባለው የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዲያንስ መክሯል። የተጨመቀ ፍሬ ስኳር በዚህ ውስጥ ይቈጠራል፤ ሳይጨመቅ የሚበላው ፍሬ ግን አይቈጠርም። ስለዚህ የስኳር ሕመም ላለበት እንግዳ በዚያው ዓይነት ብርጭቆ አቮካዶው በዝቶ ማንጎው ጥቂት ብቻ ይኹንለት፤ ወይም ለኹሉም ፍሬው ተከትፎ በሎሚ ርሶ ይቅረብ። ብርጭቆው ትንሽ ይኹን። በረዶ የሚጨምር ሰው በረዶው ከፈላ ውሃ የተሠራ መኾኑን ያረጋግጥ። የተረፈው ፍሬ ከማቀዝቀዣ ውጭ እንዲያድር አይተው፤ እንደ ብርዙ ይህም ይፈላልና።

እንግዲህ ለበዓል ድግስ የሚያሰናዳ ሰው ጋኑን ከመቍጠሩ በፊት እንግዶቹን በየስማቸው ይቍጠር። ከእነርሱም መካከል ማን ምን እንደማይቀምስ በጉባኤ መካከል ሳይጠይቅ አስቀድሞ ዐውቆ ያዘጋጅ። ለማይጠጣው የሚኾነውንም ለሚጠጣው ጭምር ያቅርብ፤ ያን ጊዜ ማንም ስለ ራሱ ምክንያት መስጠት አያስፈልገውም። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ የሚጠይቀው በዋዜማው ገበያ ወጥቶ የበሰለውን መምረጥና በማለዳ መነሣት ነው። ማንጎ የማይገኝበት ወራት ቢኾን ብርቱካን ይተካዋል፤ ብርቱካን ግን ቀጭን ስለ ኾነ ከላይ ይቀዳ።